የክልል ምክር ቤት ሥልጣን እስከ የት ነው?

በ2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመሠረተው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ሲል፣ «የክልሉን ምክር ቤት ካሸነፈ ይለውጠዋላ» የሚል አይጠፋም። አይለውጠውም። የፌዴራሉንና የክልሉን ሥልጣን የሚከፍሉት አንቀጽ 51 እና 52 የሚሻሻሉት በአንቀጽ 105 መሠረት ነው፦ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛዎቹ በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለባቸው። የብሔሮችን እስከ መገንጠል የሚደርስ መብት የያዘው አንቀጽ 39ማ ይብሳል፤ የመብቶችና ነጻነቶች ምዕራፍ በሆነው ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ስላለ ሁሉም ክልሎች መስማማት አለባቸው፤ አንድ ክልል እንቢ ካለ ቀረ ማለት ነው።

አንቀጽ 52 ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱም በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልል ነው ይላል። ሰፊ ይመስላል። መሬትን ግን እንይ፦ የቢቸናን ገበሬ ማሳ የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን ፌዴራሉ ባወጣው ሕግ ነው። ስለዚህ ፓርቲ «መሬት ለክልል» ካለ፣ ሕግ ማውጣቱን ነው ወይስ ማስተዳደሩን? ማስተዳደሩማ ድሮም በእጁ ነው።

በጣም የሚያደናግረው ዞን ነው። እንጅባራ ላይ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የራሱ ምክር ቤት አለው። ደብረ ማርቆስ ላይ ያለው የምሥራቅ ጎጃም ዞን ግን የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ ነው፤ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። ባሕር ዳር ያለው የክልሉ መንግሥት ሥልጣን ቢጨምር እንኳ በራሱ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ጎጃሟ ሞጣ አይወርድም። ለዚያ መነካት ያለበት የክልሉ ሕገ መንግሥት ነው፤ ይህንን በግልጽ የማይጽፍ የምርጫ ማኒፌስቶ ለጎጃም ገበሬ ግማሹን ጥያቄ ሳይመልስ ነው የቀረው።