ለጤናማ አመጋገብ ሥራ የአካባቢ ዝግጁነት ዳሰሳ በአዲስ አበባ ዳርቻ

የዝግጁነት ዳሰሳ አንድ ሰፈር ጤናማ አመጋገብን የራሱ ጉዳይ አድርጎ ለመነሳት ምን ያህል እንደተሰናዳ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚታወቅበት ዘዴ ነው። የነዋሪውን ዕውቀት ብቻ አይለካም፤ የኪሱንም መጠን አይለካም። ጎመን ለጤና እንደሚበጅ የሚያውቅ ሰፈር ዝግጁ ላይሆን ይችላል፤ እጁ ያጠረ ሰፈር ደግሞ በእድሩ በኩል አንድ እርምጃ ቀድሞ ሊገኝ ይችላል። ብዙ የወረዳ ሪፖርት «የግንዛቤ እጥረት አለ» ብሎ የሚዘጋው ይህ ልዩነት ስለማይታየው ነው።

የዳርቻው መልክ

ዳርቻ ሲባል አንድ ዓይነት ሰፈር አይደለም። አቃቂ ቃሊቲ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ የካ፣ እንዲሁም በ2013 ዓ.ም. አስራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ የተዋቀረው ለሚ ኩራ በከተማው ጠርዝ ላይ ይገኛሉ። ከእነሱ ወዲያ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተብለው የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላን፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ሌሎችም አሉ። እንደ ኮዬ ፈጬ ያሉ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች የአስተዳደር ጉዳይ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

ለአመጋገብ ሥራ ትልቁ ነገር በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓይነት ኑሮ ጎን ለጎን መኖሩ ነው። በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ብሎኮች ከመሀል ከተማ የተነሳው፣ ዕጣ የወጣለትና ተከራዩ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ጥቂት መቶ ሜትር እልፍ ሲባል መሬቱ የተወሰደበት የቀድሞ ገበሬ ቤተሰብ አለ። ይህ ቤተሰብ ትናንት ከጓሮው ይቀነጥስ የነበረውን ጎመን ዛሬ ከጉሊት ይገዛል። ሁለቱን በአንድ መጠይቅ ደምሮ አማካይ ማውጣት የማንንም ቤት የማይመስል ቁጥር ይሰጣል።

ጉሊቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ነዋሪው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ለታክሲ ሰልፍ ይወጣና ማታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይመለሳል። ከሳይቱ በር ላይ መደብ የዘረጋችው እናት በስልክ መብራት ቆስጣውን ውሃ ትረጨዋለች፣ የጠወለገውን ለብቻ ትከምራለች፣ «በዚህ ሰዓት ይሄን በግማሽ ውሰጂው እህቴ» ትላለች። ቀን ተዘዋውሮ የሚመለከት ዳሳሽ ይህን ገበያ ጨርሶ አያየውም።

ወደኋላ

በአገራችን የሥነ ምግብ ሥራ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ትብብር በተቋቋመውና ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት በሆነው ተቋም ነው። ብዙዎቻችን ያደግንበት ፋፋም የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። በደርግ ጊዜ የከተማ ቀበሌዎች ተዋቀሩ፤ የኅብረት ሱቅም ስኳርና ዘይት ያከፋፍል ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ዘመን

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶች በየገጠር ቀበሌው ተመድበው 16 ፓኬጆችን ይዘው ቤት ለቤት ገቡ፤ ሥነ ምግብ አንዱ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የበቀለባቸው አንዳንድ ቀበሌዎች ያኔ ገጠር ነበሩና በዚሁ ታቅፈዋል። የከተማው ፕሮግራም በ2002 ዓ.ም. ሲጀመር ደግሞ ነርሶች ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ተሰማሩ፤ በእቅዱም አንድ ባለሙያ 500 ያህል ቤተሰብ እንድትከታተል ታስቦ ነበር። ኋላ የቤተሰብ ጤና ቡድን ሲዋቀር ሥራው ከጤና ጣቢያው ጋር ይበልጥ ተሳሰረ።

እነዚህ ሴቶች ያደረጉትን ያህል የትኛውም የፕሮጀክት ቢሮ አላደረገም። አራተኛ ፎቅ በእግር ወጥተው በር ሲዘጋባቸው ቅዳሜ ተመልሰው ያንኳኩ፣ የሕፃናትን የላይኛ ክንድ ዙሪያ የለኩ፣ ከስድስት ወር በኋላ ገንፎ እንዴት እንደሚበለጽግ ምድጃ ላይ ያሳዩ እነሱ ናቸው። በአዲስ አበባ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 15 ከመቶ ሲሆኑ አገር አቀፉ 38 ከመቶ ነበር። ልዩነቱ የገቢ፣ የትምህርትና የሌሎችም ነገሮች ድምር ቢሆንም የእነዚህ ባለሙያዎች ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም።

በመርሐ ግብሩ የቀረው ክፍተት ከማስተማር በፊት የመጠየቅ ልማድ ነው። ትምህርቱ ከላይ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ሰፈሩ ግን የቱ ጋ እንዳለ አልተጠየቀም።

የፖሊሲው ማዕቀፍ ዛሬ አለ። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተፈረመ፤ በ2011 ዓ.ም. የምግብና ሥነ ምግብ ፖሊሲ ጸደቀ፤ በ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ ወጣ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012ም ለስላሳ መጠጦችን ያካትታል።

ዘዴው

በብዛት የሚሠራበት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ በሚገኘው ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በትራይ ኤትኒክ የምርምር ማዕከል የተቀረጸው ነው። መጀመሪያ የተሠራው መጠጥና አደንዛዥ ዕፅን ለመከላከል ነበር፤ ኋላ ወደ ሌሎች የጤና ጉዳዮች ተሻገረ። ዝግጁነትን በዘጠኝ ደረጃ ያስቀምጣል። ታች ጉዳዩ እንደ ችግር የማይታይበት ሰፈር ነው። ቀጥሎ «እኛ ዘንድ የለም» ወይም «ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚባልበት የክህደት ደረጃ፣ ከዚያም «አንድ ነገር መደረግ ነበረበት» ተብሎ ማንም የማይንቀሳቀስበት ብዥ ያለ ግንዛቤ ይመጣል። ከአራተኛው ጀምሮ ቅድመ ዕቅድ፣ ዝግጅት፣ ጅምር፣ መርጋት፣ መስፋፋት እያለ ሰፈሩ ራሱ ባለቤት ሆኖ ሥራውን እስከሚመረምርበት ዘጠነኛ ይዘልቃል።

የሚጠየቀው በአምስት መስክ ነው፦ ነዋሪው የተጀመሩ ሥራዎችን ማወቁ፣ የመሪዎች አቋም፣ የሰፈሩ መንፈስ፣ ስለ ጉዳዩ ያለው ዕውቀት፣ እና ገንዘብ፣ ሰው፣ ቦታን የመሰለ አቅም። መረጃው የሚሰበሰበው ሰፈሩን በሚያውቁ ከስድስት ባላነሱ ሰዎች ቃለ መጠይቅ ነው። ንግግሩ በጽሑፍ ተገልብጦ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጡታል፤ ከዚያ ተቀምጠው ይስማማሉ። አማካዩ ክፍልፋይ ሲሆን ወደ ታች ይጠጋጋል፤ 3.8 የመጣለት ሰፈር ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነው እንጂ አራተኛ ላይ አይደለም።

ነጥቡ እንዴት እንደሚሰጥ በአንድ መልስ ማየት ይቻላል። የእድር ዳኛ «ጋሼ፣ እዚህ ሰፈር ሰዉ ስለ አመጋገቡ ይጨነቃል?» ተብለው፣ «ይጨነቃል እንጂ! ዘይት ስንት ገባ እያለ ነው የሚያድር» ይላሉ። አንዱ ነጥብ ሰጪ ስጋት አለ ብሎ 3 ያስቀምጣል። ሌላው፣ የተባለው ዋጋ እንጂ ጤና አይደለም ብሎ 2 ይሰጣል። ክርክሩ ራሱ የዳሰሳው ፍሬ ነው፦ እዚያ ሰፈር የጤናው ወሬ በዋጋው በር በኩል መግባት አለበት።

ማን ይጠየቅ

በዳርቻው «ሰፈሩን የሚያውቅ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጡት የእድር ዳኞች ናቸው። ሐዘን ቤት የሚገባው ንፍሮና ዳቦ፣ የሠልስቱ ምሳ፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ በእነሱ እጅ ነው። ሆኖም በአዲሶቹ ሳይቶች እድሩ ገና ጎልማሳ ስላልሆነ የብሎክ ኮሚቴው፣ የዕቁብ ሰብሳቢዋና የሱቁ ባለቤት የተሻለ ያውቃሉ። የካህኑና የሸሁ ቃል ከሁሉም ይደመጣል። የትምህርት ቤት ምግብ የሚያበስሉ እናቶች መረሳት የለባቸውም፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በተስፋፋው የምገባ መርሐ ግብር የልጆቹን ሳህን በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸው። በሱሉልታ፣ በሰበታና በገላን ዙሪያ ቃለ መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ መካሄድ አለበት፤ በአስተርጓሚ የተገኘ መልስ ነጥብ ሲሰጥ ይሳሳል።

የወረዳ ኃላፊ ብቻ የተጠየቀበት ዳሰሳ ከሰፈሩ ከፍ ያለ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። ኃላፊው ዕቅዱን ያውቃል፤ ዕቅዱ ደረጃ አምስት ይመስላል፤ ሰፈሩ ግን ስለ ዕቅዱ አልሰማም።

ነጥቡን የሚያወጡና የሚያወርዱ ጉዳዮች

ጾም ትልቅ ጉልበት ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል፤ በእነዚያ ቀናት ምስር፣ ክክ፣ ሽሮና ጎመን ገበታውን ይይዛሉ። ጾም ከጤናማ አመጋገብ ጋር ይስማማል ማለት ይቻላል፤ ዘይቱ ሲበዛ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል የሚሉም አሉ። «ጎመን በጤና» የሚል ሕዝብ ስለ ጎመን ማስተማር ብዙ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ከዚህ ዕውቀት ጋር የማይጣላ ሥራ ነው።

አትክልቱ በበኩሉ ሌላ ጥያቄ ያነሳል። በአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ የሚለማው ቆስጣና ሰላጣ ለዓመታት የከተማውን ገበያ መግቧል። የወንዙ ውሃ በፋብሪካና በቤት ፍሳሽ መበከሉ የተረጋገጠ ነው። በቅጠላ ቅጠሉ ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን የጠቆሙ ጥናቶች አሉ፤ ለበላተኛው ምን ያህል አስጊ ነው በሚለው ላይ ግን ግኝቶቹ አንድ አይደሉም። ይህን የሰማ ነዋሪ «አትክልት ብሉ» ሲባል «የትኛውን?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ እንደ እምቢታ ተመዝግቦ ሁለት ነጥብ ሊሰጠው አይገባም፤ የሚጠይቅ ሰፈር ከክህደት አልፏል።

ልጆች ከትምህርት ቤት በር ላይ ፓስቲ፣ ቺፕስና ለስላሳ ይገዛሉ። በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂዎች ከ95 የሚበልጡት ከሚመከረው ያነሰ ፍራፍሬና አትክልት እንደሚመገቡ አሳይቷል። ውፍረት ደግሞ በከተማ ሴቶች ላይ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም በብዙ ሰፈር ሞላ ያለ ሰውነት አሁንም «አምሮብሻል» ያስብላልና በዚህ መስክ የሰፈሩ መንፈስ ነጥብ ዝቅ ማለቱ አያስገርምም።

ከነጥቡ በኋላ

ደንቡ ከሁሉም ዝቅ ባለው መስክ መጀመር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ላለ ሰፈር የማብሰል ሥልጠናና የጓሮ አትክልት ዘር ማደል ዘሩን ማባከን ነው። እዚያ የሚሠራው በቡና ሰዓት ጨዋታ፣ የሰፈሩን ሰው የራሱን ታሪክ ማስተረክ፣ በስኳር ሕመም ወይም በደም ግፊት የተቸገረን ጎረቤት ማዳመጥ ነው። አራተኛና አምስተኛ ላይ የደረሰ ሰፈር ግን የእሁድ ገበያ ቦታ፣ ለጓሮ የሚሆን መሬትና ውሃ ይጠይቃል፤ እንደ ወተት፣ እንቁላልና ማር ያለውን ምርት ለማሳደግ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም በዚህ ደረጃ ላይ ላለ ሰፈር ይመቻል።

ዳሰሳው ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ጥያቄ ይደገማል። በዳርቻው ግን የመጀመሪያዎቹ መላሾች ቤት ቀይረው፣ ኪራይ ጨምሮባቸው ወይም ሰፈሩ ለልማት ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተገለበጠው ቃለ መጠይቅ ከነጥቡ ጋር ተያይዞ በጤና ጣቢያው፣ በሰፈሩ የኤክስቴንሽን ባለሙያ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ተተኪዋ ስትመጣ ከዚያ ትነሳለች።