ሕፃናት ለሰፈር መንገዶች ደኅንነት የሚያደርጉት ተሳትፎ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ሕፃናትንና ወጣቶችን ለሞት በመዳረግ ቀዳሚው ምክንያት የትራፊክ አደጋ ነው። ለረጅም ጊዜ ከልጆች የሚጠበቀው ጥንቃቄን መማር ብቻ ነበር፤ በብዙ አገሮች ግን አደገኛ ቦታዎችን በመጠቆምና መፍትሔ በመጠየቅ ጭምር ይሳተፋሉ።

በስፋት የሚታወቀው የተማሪ ትራፊክ ነው። በአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1920 ባስጀመረው አሠራር፣ ከፍ ባለ ክፍል የሚማሩ ልጆች በማቋረጫ አጠገብ ቆመው ታናናሾቻቸው መንገዱ ነጻ እስኪሆን እንዲጠብቁ ያደርጋሉ፤ መኪና ማስቆም ግን ሥራቸው አይደለም። ምዕራብ ጀርመንም እ.ኤ.አ. በ1953 ተመሳሳይ አገልግሎት ጀመረች።

ከዚህ የላቀ ፋይዳ ያለው፣ ልጆች ስለ መንገዱ የሚያውቁትን እንዲናገሩ ማድረግ ነው። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በቆሙ ሁለት መኪኖች መካከል ሲሻገር የቆሙት መኪኖች ቁመት ከዓይኑ ከፍታ ስለሚበልጥ፣ የሚመጣውን ተሽከርካሪ ለማየት መጀመሪያ ወደ አስፋልቱ መውጣት አለበት፤ አሽከርካሪውም ልጁን የሚያየው ያን ጊዜ ነው። ቆሞ የሚመለከት አዋቂ ይህን በቀላሉ አያስተውልም። ኦስሎ ውስጥ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያስፈራቸውን ቦታ በስልክ መተግበሪያ ለከተማው አስተዳደር የሚጠቁሙበት አሠራር የተዘረጋውም ይህንኑ ዕውቀት ለመጠቀም ነው። በአምስተርዳም የደ ፓይፕ ሰፈር ልጆች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ መንገዳቸው ለመኪና ተዘግቶ መጫወቻ እንዲሆንላቸው በአደባባይ ጠይቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጆች በሚነካቸው ጉዳይ ሁሉ ሐሳባቸውን የመግለጽና የመደመጥ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ተሳትፏቸው ግን የአዋቂዎችን ኃላፊነት ወደ እነርሱ ማሻገሪያ መሆን ፈጽሞ የለበትም። የቱንም ያህል ጠንቃቃ ልጅ በፍጥነት ከሚመጣ መኪና ራሱን ሊያድን የማይችልበት ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ መንገድ ደኅንነት በተካሄደ ዓለም አቀፍ የሚኒስትሮች ጉባኤ የወጣው የስቶክሆልም መግለጫ እግረኞችና ተሽከርካሪዎች በሚቀላቀሉበት አካባቢ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ያሳሰበውም ለዚህ ነው። ልጆች የጠቆሙት ማቋረጫ ቀለም ሲቀባ፣ ፍጥነት መቀነሻ ሲሠራ ወይም ጥያቄያቸው ውድቅ ሲሆን ምክንያቱ በሚገባቸው ቋንቋ ሊነገራቸው ይገባል፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ቦታው መሻሻሉን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው በየቀኑ የሚሻገሩት እነዚሁ ልጆች ናቸው።