ወፍ ማባረርና ወፍ መግደል፦ በአሜሪካ ፈቃድ የሚጠየቀው ለየትኛው ነው?

በአሜሪካ በ1918 የወጣው የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ አብዛኞቹን የአገሬው ወፎች ይጠብቃል። ሆኖም ሰብል ላይ የሰፈረን መንጋ በጩኸት ወይም በማስፈራሪያ ማባረር፣ ማሳንም በመረብ መሸፈን የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም፤ ንስሮችና ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ፈቃድ የሚያስፈልገው ለመግደል፣ ለማጥመድ ወይም እንቁላል ለማጥፋት ነው። የቤት ድንቢጥ፣ ስታርሊንግ የሚባለው ከአውሮፓ የመጣ ወፍና የከተማ እርግብ በዚህ ሕግ አይጠበቁም፤ ቢሆንም የክልሉን (የስቴቱን) ሕግ አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሁለት መሥሪያ ቤቶች መኖራቸው ነው። መጀመሪያ የግብርና ሚኒስቴር የዱር እንስሳት አገልግሎት ጉዳቱን መርምሮ የምክር ቅጽ ይሰጣል። ይህ ቅጽ ፈቃድ አይደለም! ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ፈቃድ ሰጪ ለሆነው ለዓሣና ዱር እንስሳት አገልግሎት ይቀርባል። ማመልከቻው የወፉን ዝርያ፣ ቦታውን፣ ሰብሉንና የደረሰውን ጉዳት መግለጽ አለበት። በተለይ ሳይገድሉ ለመከላከል የተሞከረውን በቀንና በፎቶ አስደግፎ ማቅረብ ይበጃል፤ ይህ የሌለው ማመልከቻ ደካማ ነው። ምክንያቱም ፈቃዱ የሚሰጠው ማባረሩን ለማጠናከር እንጂ መንጋውን ለመጨረስ አይደለም። ስለዚህ የሚገደለው ቁጥር ይወሰናል፣ ወፎቹን በማታለያ የወፍ ምስልና በድምፅ መሳብም ይከለከላል። ፈቃዱ ከአንድ ዓመት አይበልጥም፤ ወፎቹ የሚመጡበት ወቅት ሳይደርስ ቀደም ብሎ ማመልከት ይሻላል።