የቦግዳኖቭ መንትዮችና የአቻ ግምገማ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኢጎርና ግሪችካ ቦግዳኖቭ በፈረንሳይ ቴሌቪዥን የታወቁ መንትዮች ነበሩ። በ2001 እና 2002 እ.ኤ.አ. ስለ ዩኒቨርስ አጀማመር የጻፏቸውን ጽሑፎች ስም ያላቸው የፊዚክስ ጆርናሎች (የምርምር መጽሔቶች) አተሙላቸው። እንዲህ ያሉ ጆርናሎች ጽሑፉን ከማተማቸው በፊት ለዘርፉ ባለሙያዎች ያስነብባሉ፤ የአቻ ግምገማ የሚባለው ይሄ ነው። በ2002 መጨረሻ ላይ ግን ብዙ የፊዚክስ ሰዎች «ይሄ እኮ ትርጉም የለውም» ማለት ጀመሩ። ወሬው እስከ ዛሬ ይወራል፤ ብዙው ግን የተሳሳተ ነው።

«ጆርናሎቹን ለማጋለጥ ሆን ብለው የሠሩት ነው።»

ኧረ አይደለም። እንዲህ ያደረገው የፊዚክስ ሊቁ አለን ሶካል ነው፤ በ1996 ለአንድ የባህል ጥናት መጽሔት ሆን ብሎ ትርጉም የለሽ ያደረገውን ጽሑፍ ልኮ ሲታተምለት ራሱ አጋለጠው። መጽሔቱ ያኔ ጽሑፎችን ለውጭ ገምጋሚ አይልክም ነበር። መንትዮቹ ግን ሥራችን እውነተኛ ነው እንዳሉ ሞቱ። ለእኔ የሚያሳስበው ይሄኛው ነው። የሚያጋልጥ ሰው ባይኖርስ?

«ጆርናል ላይ ከወጣ ሒሳቡ ተረጋግጧል።»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አዘጋጁ ጽሑፉን ለአንድ ወይም ለሁለት ባለሙያ ይልካል። እነሱም ከማስተማርና ከራሳቸው ምርምር በተረፈ ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ያነቡታል። እያንዳንዱን ቀመር ከዜሮ ተነስቶ የሚሠራ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ዩኒቨርስ በተጀመረባት ቅጽበት ምን እንደነበረ ለክቶ «ተሳስተሃል» የሚል መሣሪያ የለም። የመንትዮቹ ጽሑፎች ደግሞ ከተለያዩ ዘርፎች የመጡ ከባድ ቃላት የታጨቁባቸው ናቸው። አንዱን ዘርፍ የሚያውቅ ገምጋሚ ሌላውን «መቼም ልክ ይሆናል» ብሎ ማለፍ ይቀለዋል።

አንዱ ጽሑፍ የፉኮ ፔንዱለም (የመሬትን መሽከርከር የሚያሳይ፣ በረጅም ገመድ የተንጠለጠለ ከባድ ኳስ) የሚወዛወዝበት ጠለል ከዩኒቨርስ መነሻ ነጥብ ጋር የግድ ይገጥማል ይላል። መነሻው እኮ በጣት የሚጠቆም ቦታ አይደለም! ለዚህ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ያም ሆኖ ታተመ። የሌላኛው ጽሑፍ ጆርናል፣ የክላሲካል ኤንድ ኳንተም ግራቪቲ አዘጋጆች፣ መታተም አልነበረበትም ያሉት ጫጫታው ከተነሳ በኋላ ነው።

«ዶክትሬት አላቸው፣ አለቀ።»

ኢጎር ዲግሪውን እንዲያገኝ የተጠየቀው ጆርናል ላይ እንዲያሳትም ነበር። ዩኒቨርሲቲው ጆርናሎቹን አመነ፤ ያውም የሰጠው ዝቅተኛውን የማለፊያ ደረጃ ነው።

«እንግዲያው ግምገማ ዋጋ የለውም።»

አለው እንጂ። በ1936 አንስታይንና ረዳቱ ሮዘን የስበት ሞገድ የለም የሚል ጽሑፍ ለፊዚካል ሪቪው ላኩ። ገምጋሚው ሃዋርድ ሮበርትሰን ስህተቱን አገኘ። አንስታይን «ለሌላ ሰው አሳዩ መች አልኩ» በሚል ስሜት ተቆጥቶ ጽሑፉን ከጆርናሉ መልሶ ወሰደ፤ በኋላ ግን መደምደሚያውን አርሞ ሌላ ጆርናል ላይ አወጣው። ለፊዚካል ሪቪው ዳግመኛ የምርምር ጽሑፍ አልሰጠም።