«ቪኞ ቬርዴ» ምኑ ነው አረንጓዴው?

ጠርሙሱ ላይ «ቪኞ ቬርዴ» ይላል። በፖርቱጋልኛ ቃል በቃል «አረንጓዴ ወይን» ማለት ነው። ስትቀዱት ግን ነጭ ነው። ቀይና ሮዜ (ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያለው) ቪኞ ቬርዴም አለ። ግራ ቢያጋባ አይገርምም።

ቃሉ የቀለም ሳይሆን የቦታ ስም ነው። ቪኞ ቬርዴ በሰሜን ምዕራብ ፖርቱጋል የሚገኝ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ወሰኑ የተከለለ የወይን አምራች ክልል ነው። ዝናብ የማይለየው ለምለም አገር ነው። ስሙን ከዚህ ልምላሜ ጋር የሚያያይዙ አሉ። ወይኑ ገና ለጋ እያለ ስለሚጠጣ ነው የሚሉም አሉ።

ነጩ ቀለል ይላል፤ ሎሚ ሎሚ፣ አረንጓዴ ፖም ፖም ይሸታል። አንዳንዱ ትንሽ ጋዝ ስላለው ምላስ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል። ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት! ዛሬ ያቺ ትንሽ ጋዝ ብዙ ጊዜ ሲታሸግ የምትጨመር ናት።

ግን ሁሉም ቀላል አይደለም። በዚሁ ክልል ካሉት ከሞንሳዎና ከሜልጋሱ ከተሞች አካባቢ የሚመጣው፣ አልቫሪኞ ከሚባለው የወይን ዘር የሚጠመቀው ጠንከር ይላል፤ ጥቂት ዓመት ቢቀመጥም ያምርበታል። እኔ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው።

ከምግብ ጋርስ? ኮምጣጣነቱን ዓሣ ላይ እንደሚጨመቅ ሎሚ ቁጠሩት። በከሰል የተጠበሰ ሰርዲን፣ ሽሪምፕ፣ በነጭ ሽንኩርትና በድንብላል ቅጠል የበሰለ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ሁሉም ይስማሙታል። ቅባቱን ያጥባል፣ ጨውን ያለዝባል። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቀዝቅዛችሁ ቅዱት። ለአልቫሪኞው ግን ትንሽ ሞቅ ቢል ይሻላል፤ በጣም ከቀዘቀዘ መዓዛው ይደበቃል።