በሩቢ ቋንቋ የፕሮግራም ፍሰት ቁጥጥር

ሩቢ ጃፓናዊው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ እ.ኤ.አ. በ1993 መሥራት ጀምረው በ1995 ለሕዝብ ያቀረቡት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በሩቢ የተጻፉ ትእዛዞች በመሠረቱ ከላይ ወደ ታች በተራቸው ይፈጸማሉ፤ ይህን ተራ ለውጠው አንዱን መንገድ የሚያስመርጡት ወይም አንድን ሥራ የሚያስደጋግሙት ቃላት የፍሰት መቆጣጠሪያ ይባላሉ።

ምርጫ «ከሆነ» የሚል ትርጉም ባለው በ«ኢፍ» ተጀምሮ በ«ኤንድ» ይዘጋል። እዚህ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ ሩቢ እንደ ሐሰት የሚቆጥራቸው «ፎልስ» እና ባዶነትን የሚያመለክተው «ኒል» ብቻ መሆናቸው ነው። ዜሮም ሆነ አንድም ፊደል የሌለበት ጽሑፍ እንደ እውነት ይቆጠራል። እንደ ሲ ወይም ፓይተን ካሉ ሌሎች የፕሮግራም ቋንቋዎች የመጣ ሰው በቀላሉ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ የዕቃውን ብዛት የያዘውን ቁጥር ብቻውን ከ«ኢፍ» አጠገብ ቢያስቀምጥ፣ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ ዕቃ እንዳለ ቆጥሮ ይቀጥላል። ስለዚህ ቁጥሩ ከዜሮ መብለጡን በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ኢፍ» ራሱ ዋጋ፣ ማለትም ውጤት፣ የሚመልስ መሆኑ የቋንቋው ትልቅ ውበት ነው፤ የተማሪው ነጥብ 50 ከደረሰ «አልፏል»፣ ካልደረሰ «ወድቋል» የሚለውን ውሳኔ ባለበት ወስዶ ለአንድ ተለዋዋጭ (ዋጋ ለሚያዝበት ስም) መስጠት ይቻላል። አጭር ሁኔታ ከትእዛዙ በኋላ በዚያው መስመር ሊጻፍም ይችላል። ሁኔታውን አስቀድሞ «ከዘነበ ጃንጥላ ያዝ» ማለት ለለመደ የአማርኛ ተናጋሪ ይህ አጻጻፍ መጀመሪያ ላይ የተገለበጠ ይመስላል። የ«ኢፍ» ተቃራኒ የሆነው «አንለስ» ሁኔታው ሐሰት ሲሆን ብቻ ያሠራል፤ «ካልሆነ» ከሚለው ከ«ኤልስ» ጋር ሲጣመር ግን ንባቡን ስለሚያወሳስብ ባይደረግ ይመረጣል። አማራጮች ሲበዙ «ኬዝ» እና «ዌን» ያገለግላሉ፤ እነዚህ ከእኩልነት በተጨማሪ አንድ ቁጥር በተወሰነ ክልል ውስጥ መውደቁንም ማረጋገጥ ይችላሉ።

ለድግግሞሽ «ዋይል» ሁኔታው እውነት እስከሆነ ድረስ፣ «አንቲል» ደግሞ እውነት እስኪሆን ድረስ ይሠራሉ። «ፎር» ቢኖርም የሩቢ ጸሐፊዎች እምብዛም አይጠቀሙበትም፤ ዝርዝሩን ራሱን በ«ኢች» አዝዘው፣ ለእያንዳንዱ አባል የሚፈጸመውን ሥራ በብሎክ (አብረው በታሰሩ ትእዛዞች) መስጠት ይመርጣሉ። የብሎኩ ተለዋዋጭ ከብሎኩ ጋር ያበቃል፤ የ«ፎር» ተለዋዋጭ ግን ድግግሞሹ ካለቀ በኋላም ይቆያል።

«ኔክስት» ወደሚቀጥለው ዙር ያሻግራል፣ «ብሬክ» ግን ድግግሞሹን ያቋርጣል። ከ«ብሬክ» ጎን ዋጋ ከተጻፈ የድግግሞሹ ውጤት ያ ዋጋ ይሆናል፤ ሳይቋረጥ ያለቀ «ዋይል» የሚመልሰው «ኒል»ን ሲሆን፣ በዝርዝር ላይ የተጠራ «ኢች» ደግሞ ያንኑ ዝርዝር ይመልሳል።