ጂጂ ሪቫ፣ ከሰርዲኒያ ያልወጣው አጥቂ

ሉዊጂ ሪቫ፣ በተለመደው አጠራሩ ጂጂ ሪቫ፣ ለጣሊያን ብሔራዊ ቡድን በ42 ጨዋታዎች 35 ግቦችን ያስቆጠረ አጥቂ ነው። በ1973 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጁሴፔ ሜአሳን 33 ግቦች አልፎ የያዘው ክብረ ወሰን እስካሁን አልተሰበረም። በጣሊያን ከፍተኛው ሊግ በሴሪ አ የግብ ብዛት ግን የሚበልጡት አሉ፤ ሲልቪዮ ፒዮላ ብቻውን 274 ግቦች አሉት። የሪቫ 156 ግቦች የሚለዩት ሁሉም ለአንድ ክለብ፣ ያውም ከእሱ በፊት ሴሪ አን ረግጦ ለማያውቀው ለሰርዲኒያ ደሴቱ ክለብ ለካሊያሪ የተቆጠሩ በመሆናቸው ነው።

ሪቫ ኅዳር 7 ቀን 1944 በሰሜን ጣሊያን፣ በማጆሬ ሐይቅ አጠገብ በምትገኘው ሌጁኖ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ አባቱ በፋብሪካ አደጋ ሞቱ፤ በአፍላ የወጣትነት ዕድሜው እናቱንም አጣ፤ ከዚያ በኋላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። በሌኛኖ ክለብ አንድ ዓመት ተጫውቶ በ1963 ወደ ካሊያሪ ሲዛወር ዕድሜው 18 ነበር። ያን ጊዜ ሰርዲኒያ በዋናው ምድር ሰዎች ዘንድ ስሟ የሚነሣው ከሽፍቶች ጋር ነበር፤ ጥፋት የተገኘበት የመንግሥት ሠራተኛም ለቅጣት የሚዛወርባት ደሴት ነበረች። ወጣቱም የሄደው እየፈራ ነበር። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ግን ቡድኑ ከሴሪ ቢ ወደ ሴሪ አ አደገ፤ እሱም በዚያው ቀረ።

ኃይሉ በሙሉ በግራ እግሩ ላይ ነበር። ቀኝ እግሩ ይህን ያህል የሚያስፈራ አልነበረም፤ ተከላካዮችም ይህን እያወቁ ሊያቆሙት አልቻሉም። ጋዜጠኛው ጃኒ ብሬራ «የነጎድጓድ ድምፅ» ብሎ የሰየመው በምቱ ጥንካሬ የተነሣ ነው። በጥር 1970 ቪቼንሳ ላይ ያስቆጠራት ግብ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት፤ ከፍ ብላ የመጣችውን ኳስ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ አየር ላይ እንደተንሳፈፈ በመቀስ ምት ከመረብ አገናኛት።

በዚያው ዓመት ካሊያሪ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። ሚያዝያ 12 ቀን በአምሲኮራ ስታዲየም ባሪን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ የመጀመሪያውን ግብ ያስቆጠረው ሪቫ ነበር። በአሠልጣኝ ማንሊዮ ስኮፒኞ የሚመራው ይህ ቡድን በ30 ጨዋታዎች የገቡበት ግቦች 11 ብቻ ናቸው፤ እንዲህ ባለ ጠንካራ መከላከል ላይ በ21 ግቦች የሊጉ ኮከብ ግብ አስቆጣሪ የሆነ አጥቂ ሲታከልበት ዋንጫው የሚገባው ነበር። ሪቫ በኮከብ ግብ አስቆጣሪነት ለሦስተኛ ጊዜ መሸለሙ ነበር። ካሊያሪ ከዚያ ወዲህ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም።

በብሔራዊ ቡድኑም የ1968 የአውሮፓ ዋንጫ ባለቤት ነው። ከዩጎዝላቪያ ጋር የተደረገው ፍጻሜ 1 እኩል ሲያልቅ በመለያ ምት ፋንታ ጨዋታው ከሁለት ቀን በኋላ ሮም ላይ ተደገመ፤ በመጀመሪያው ያልተሰለፈው ሪቫ በሁለተኛው ገብቶ ቀዳሚውን ግብ አስቆጠረ፤ ጣሊያንም 2 ለ 0 አሸነፈች። በ1970 የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ምዕራብ ጀርመን 4 ለ 3 በተሸነፈችበት ጨዋታ፣ በተጨማሪው ሰዓት ኳሷን በግራ እግሩ አብርዶ ተከላካዩን ካለፈ በኋላ መሬት ለመሬት ወደ ሩቁ ጥግ መትቶ ግብ ጠባቂውን ሴፕ ማየርን አሸንፎታል። በፍጻሜው ግን ብራዚል 4 ለ 1 ረታች።

ብሔራዊ ቡድኑ ብዙ አስከፍሎታል። በ1967 ከፖርቱጋል ጋር ሲጫወት ግራ እግሩ፣ በጥቅምት 1970 ደግሞ ቪየና ላይ ከኦስትሪያ ጋር ሲጫወት ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ከሁለተኛው ስብራት ከጥቂት ቀናት በኋላ ካሊያሪ ያለ እሱ ማድሪድ ላይ በአትሌቲኮ 3 ለ 0 ተረትቶ ከአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ወጣ፤ የቡድኑ ታላቅ ዘመን ያበቃው በዚያ ሳምንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንዲህም ሆኖ፣ ዩቬንቱስ በብዙ ገንዘብ ሲጠይቀው እምቢ አለ። በ1976 የደረሰበት ከባድ ጉዳት ከሜዳ እስኪያስወጣው ድረስ ለካሊያሪ ተጫወተ፤ በኋላም ለረጅም ዓመታት የብሔራዊ ቡድኑ አስተባባሪ በመሆን የ2006ቱን የዓለም ዋንጫ ድል ከተጫዋቾቹ ጋር አይቷል። ክለቡ በ2005 የ11 ቁጥር ማሊያውን ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው ወሰነ። ሪቫ ጥር 22 ቀን 2024 በ79 ዓመቱ ያረፈው በዚያችው በካሊያሪ ሲሆን፣ በቦናሪያ ባዚሊካ በተፈጸመው የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርዲኒያውያን ወጥተው ሸኝተውታል።